የቴዎድሮስ ሠራዊት ምን ይበላ ነበር?

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወደ መቅደላ ይሮጣል። ሴባስቶፖል፣ ሽጉጡ፣ ገደሉ፣ ከዚያ ፉከራው። የንጉሡን ዘመን ከዳር እስከ ዳር የሚያስረዳው ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ተራ ነው ባይ ነኝ፦ ያ ሁሉ ወታደር በየቀኑ ምን ይበላል? ንጉሡ አገር አንድ ለማድረግ ሲነሱ መጀመሪያ የገጠማቸው ይኸው ነበር፤ ሲወድቁም የጣላቸው ይኸው ነው። ከካህናቱ ጋር የተጣሉበት ነገርም፣ የሸዋና የጎጃም ሽፍትነትም ሥሩ ሲቆፈር የሚገኘው ጎተራ ደጃፍ ላይ ነው። (ዓመታቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

እስቲ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። የንጉሡ ጦር በደህናው ጊዜ እስከ 60,000 ይገመት ነበር። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ይበቃዋል ብንል፣ 60,000 ሰው በቀን 300 ኩንታል ይፈጃል። ይህ ተዋጊው ብቻ ነው። የዚያ ዘመን ዘመቻ ደግሞ ሚስቱን፣ አሽከሩን፣ እንጀራ ጋጋሪዋን፣ እንጨት ለቃሚውን፣ ስንቅ ጫኙን ሁሉ አስከትሎ ነው የሚሄደው። ተከታዩ ከተዋጊው አይበልጥም ብለን ብናሳንሰው እንኳ በቀን 600 ኩንታል መጣ። አህያ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም ለአንድ ቀን ምግብ 1,200 አህያ ያስፈልጋል ማለት ነው። አህዮቹ ራሳቸው ይበላሉ፤ ፈረሱና በቅሎውም እንዲሁ። ጋሪ የሚያስኬድ መንገድ የለም፣ በክረምት ወንዝ አይሻገሩትም።

ስለዚህ እህል ወደ ጦሩ አይመጣም፤ ጦሩ ነው እህል ወዳለበት የሚሄደው። አንድ አገር ላይ ይሰፍራል፣ ጎተራውን ያራግፋል፣ በሬውን ያርዳል፣ ሲጨርስ ድንኳኑን ነቅሎ ወደሚቀጥለው። ሰላም ሲሆንም ወታደሩ በባላገሩ ቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ የሚያበላውም የሚያጠጣውም ባላገሩ ነው። የታረደው በሬ የእርሻ በሬ ነውና ጉዳቱ የዚያ ዓመት ብቻ አይደለም። በመጪው ክረምት የሚጠመድ በሬ የሌለው ገበሬ ወይ መሬቱን ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ እሱም ጦር ይዞ የአንዱ መስፍን ጭፍራ ይሆናል። ዘመነ መሳፍንትን ከ80 ዓመት በላይ ያቆየው ይህ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ጦርነቱ ገበሬውን ያራቁታል፣ የተራቆተው ገበሬ ወታደር ይሆናል፣ ወታደር በበዛ ቁጥር ጦርነቱ ይበዛል።

የኋላው ቴዎድሮስ፣ ካሳ ኃይሉ፣ ይህን ከውስጥ ያውቀዋል። በ1811 ገደማ ቋራ ተወልዶ፣ ሸፍቶ፣ በቆላው ውስጥ የራሱን ጭፍራ ሲመግብ የኖረ ሰው ነው። በሽፍትነቱ ዘመን ካገኘው ላይ ለገበሬው የእርሻ ዕቃ መግዣ ያካፍል ነበር ተብሎ ተጽፎለታል። በ1840 ደባርቂ ላይ የግብጽን ጦር ገጥሞ ተመታ። በምሽግ ውስጥ የነበረው ጦር በቁጥር ያነሰ ነው፤ ነገር ግን መድፍ አለው፣ ከዚያም በላይ በአንድ ትእዛዝ የሚተኩስ የሠለጠነ ወታደር አለው። ከዚያ በኋላ የመጣው የድል ዝርዝር የታወቀ ነው፦ ኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ አሊ፣ የካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ካሳን «ቴዎድሮስ» ብለው ቀቡት። በዓመቱ ውስጥ ወሎ ተመታ፣ መቅደላ ተያዘ፣ የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞተው ልጃቸው ምኒልክ ተማረከ። በጦር ሜዳ የሚያልቅ ሥራ ቢሆን ኖሮ በ1848 ሥራው አልቋል።

ንጉሡ መጀመሪያ የያዙት ጦሩን ማስተካከል ነው። ከየአገሩ የመጣውን ወታደር ቀላቅለው፣ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሺ አለቃ እያሉ አለቃ አደረጉለት። ይህ የማዕረግ ስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የበፊቱ ወታደር የጌታው ሰው ነው፤ ጌታው ሲከዳ አብሮ ይከዳል። የጎጃሙ ከወሎው ጋር በአንድ መቶ አለቃ ሥር ከዋለ ግን አንድ መስፍን ተነስቶ ጭፍራውን ነቅሎ መሄድ አይችልም። ከዚያ ዘረፋን የሚከለክል አዋጅ ተነገረ፦ ገበሬ ይረስ፣ ነጋዴ ይነግድ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ። ወታደሩም በዘረፋ ፋንታ ደመወዝ እንዲያገኝ ታሰበ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደመወዝ ከየት ይመጣል? ከግብር። ግብር ከየት? ከመሬት። መሬቱን ሲቆጥሩት ግን ሰፊውና ለሙ ክፍል የቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተገኘ፤ ለንጉሥ ግብር አይገባበትም። በ1848 ጎንደር ላይ ካህናቱን ሰብስበው፣ እኔ ምን ልብላ፣ ጦሬንስ ምን ላብላ ብለው ጠየቁ። የካህናቱ መልስ በዜና መዋዕሉ ተጽፎ ቀርቷል፤ ስለዚያ ዘመን መንግሥት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላነበብኩም። እንደ ቀድሞው ነገሥታት ይሁኑ አሏቸው፦ አራት ወር ጎንደር ተቀምጠው አርማጭሆን፣ ሰገዴን፣ ወልቃይትንና ትግራይን ይብሉ፤ አራት ወር አሪንጎ ሆነው በጌምድርን፣ የጁን፣ ወሎንና ሸዋን ይብሉ፤ አራት ወር ደግሞ ይባባ ሆነው ሜጫን፣ አገውን፣ ዳሞትንና ጎጃምን ይብሉ።

ካህናቱ የተናገሩት ሞኝነት አይደለም። አገር ለሦስት ተከፍሎ እያንዳንዱ ሲሶ ለአራት ወር ይበላል፣ ለስምንት ወር ያርፋል። ለዘመናት የተሠራበት ስልት ነው። ሆኖም ይህ ስልት የሚሠራው ንጉሡ በሌለበት ስምንት ወር አገሩ ለአካባቢው ጌታ ከተተወ ነው። ቴዎድሮስ ደግሞ የፈለጉት እሳቸው በሌሉበትም የሚታዘዝ አገር ነው። የሚበላውን አገር ተራ በተራ መዞርና አንድ ማዕከል ያለው መንግሥት መትከል አብረው አይሄዱም። ጉባኤው ያለ ስምምነት ተበተነ፤ ነገሩም ለአራት ዓመት ያህል ተንጠልጥሎ ቆየ።

በ1852 ንጉሡ ቆረጡ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ቄስና ለሦስት ዲያቆን የሚበቃ መሬት ይቅርለት፣ ሌላው ግብር ለሚገብር ገበሬ ይሰጥ ተባለ። በወረቀት ላይ ትክክለኛ ነው፤ የመንግሥት ገቢ የሚሰፋበት ሌላ በር አልነበረም። የሆነው ግን ሌላ ነው። አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት የሚባለው የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት አልነበረም፤ በደብሩ ስም የተያዘውን መሬት የሚበላው ደብተራውም፣ መነኩሴውም፣ የባላባቱ ቤተሰብም ነው። ስለዚህ አንድ ደብር በተነካ ቁጥር የሚከፋው ሰው ብዛት አምስት ቄስና አሥር ዲያቆን አይደለም፤ አውራጃው ነው። ሁለተኛ፣ ግብሩን የሚሰበስብ ሹም ሠራዊት አልነበረም፤ ልኬቱን፣ መዝገቡን፣ ጎተራውን የሚይዝ ሰው ሳይዘጋጅ አዋጁ ወጣ። ሦስተኛና የከፋው፣ የንጉሡን አዋጅ ለሕዝቡ በየሰንበቱ የሚያስረዳውና የሚባርከው ይኸው ካህን ነው። እሱ ሲጠላ ነጋሪቱ ቢጎሰምም የሚሰማ ጠፋ። አቡነ ሰላማ በኋላ መቅደላ ታሰሩ፣ ጥቅምት 1860 እዚያው አረፉ።

የሹመቱ ነገርም አልተሳካም። ንጉሡ የየአገሩን ባላባት ቤት ከሥሩ አልነቀሉም፤ ሸዋን ለኃይለ መለኮት ወንድም ለኃይለ ሚካኤል ነው የሰጡት። ቀጥሎ የተሾመው በዛብህም ሸፈተ። ጎጃም ውስጥ ተድላ ጓሉ፣ ትግራይ ውስጥ አገው ንጉሤ፣ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ። ሰኔ 1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ገባና ሸዋ ለይቶለት ሄደ።

የአመፁ አካሄድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ንጉሡ ጎጃም ሲወርዱ ወሎ ይነሳል፤ ወሎ ሲደርሱ ጎጃም። ሽፍታው አይገጥማቸውም፤ ቆላ ወርዶ ወይ አምባ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። የሚሸነፈው ጦሩ ሳይሆን ስንቁ ነውና። ጦሩ እህል ሲያልቅበት ይዘርፋል፤ በተዘረፈው አገር ሽፍታው ወዳጅ ያገኛል። ደመወዝ የተባለው ቀረ፣ ዘረፋ ተመለሰ። በ1858 ጣና ዳር በሰፈሩበት ጊዜ ደግሞ ኮሌራ ገባ፤ ያን ያህል ሰው አንድ ቦታ አከማችቶ ማቆየት ምን እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። 60,000 የነበረው ጦር በዚያው ዓመት ገደማ ወደ 10,000 ወርዶ ነበር። የሚዘረፍ ሌላ አገር ሲጠፋ የራሳቸው እምብርት፣ በጌምድርና ደምቢያ፣ ተዘረፉ። በ1859 ጎንደር ተቃጠለች፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙዎቹ ጋዩ፣ ንዋያተ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ ተጭነው ሄዱ። ለዚህ ማስተባበያ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። እኔ አይታየኝም። እጅና እግር መቁረጡ፣ በመጨረሻም መቅደላ ላይ እስረኞችን ወደ ገደል መወርወሩ የተመዘገበ ነው፤ የንጉሡን ሐሳብ ማድነቅ ይህን መደበቅ አይጠይቅም።

ጋፋትን በዚህ መሃል ማየት ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለች በዚች መንደር ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች ተቀምጠው ነበር። ንጉሡ መድፍ ሥሩ አሏቸው። እንደማይችሉ ቢናገሩም የሚሰማ አላገኙም። ትልቅ መድፍ ማቅለጥ ከባድ የሚሆነው ብረቱ በየተራ ስለማይፈስ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀልጦ ቅርጹ ውስጥ ካልገባ በመካከሉ ስፌት ይቀራል፣ ስፌት ያለው መድፍ ሲተኮስ ይፈነዳል። ቅርጹ ውስጥ እርጥበት ከቀረም የጋለው ብረት እንፋሎት ፈጥሮ ወደ ላይ ይወረወራል። እነዚህ ሰዎች በአገር ሸክላና በከሰል ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡት። ከሥራው አንጻር ይህ ድንቅ ነው።

ጥቅምት 1860 ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች ይዘው ወደ መቅደላ ተነሱ። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መድፉን በጠፍር የሚስበው ሰው ወደ 500 ይጠጋል፤ መንገድ ስለሌለ ፊት ፊቱ ይሠራል። ድንጋይ ሲገጥም በባሩድ ይፈርሳል፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ያሠራሉ። ከዋድላ ወደ ደላንታ የሚያሻግረውን ገደል፣ ከዚያ የበሸሎን ሸለቆ ወርደው ወጡት። ሽፍታው ከጎንና ከኋላ እየነከሰ፣ ድርቆሽና እህል በየፌርማታው እየተለቀመ። የገረመኝ ነገር፣ በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ዋድላ ሲደርስ የወረደው ንጉሡ ባሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ስለ እንግሊዞቹ አመጣጥ ባጭሩ። ጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንስሉ ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ፤ ለድርድር የተላከው ራሳምም ታሰረ። በ1860 ጄኔራል ናፒየር ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረደ። 13,000 ወታደር፣ 26,000 ያህል ተከታይ፣ ከ40,000 በላይ የጭነት እንስሳ፣ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች። ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው መውጫ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ።

ብዙ ሰው ዝሆኖቹን ያነሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ጠገራ ብሩ ነው። እንግሊዞቹ ቪየና ላይ ማርያ ቴሬዛ ብር አስመትተው ነው የመጡት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1780 ቀን ያለበትን፣ ባላገሩ የሚያውቀውን፣ ከሌላው ገንዘብ የሚመርጠውን። ገብስ ሲገዙ፣ ድርቆሽ ሲገዙ፣ እንጨት ሲገዙ እጅ በእጅ ይከፍላሉ። የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ እህል እንዲሸጥላቸው ፈቀዱ፤ ዋግሹም ጎበዜም አልነኳቸውም። ስለዚህ የባዕድ ጦር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መቅደላ እስኪደርስ አንድም ከባድ ውጊያ አልገጠመውም። የአገሩ ንጉሥ ጦር ሲመጣ እህሉን የሚቀብረው ገበሬ ለእንግሊዝ ጦር እህል ጭኖ ሰፈር ድረስ ሄደ። ባንዳነት ነው ለሚሉ፣ የዚያን ገበሬ የዐሥር ዓመት ጎተራ መቁጠር አለባቸው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዞ ከፋሕላ ቁልቁል ወረደ። የእኛ ጠመንጃ በአፈሙዝ የሚጎርስ ነው፤ ለአንድ ጥይት ባሩድ ማፍሰስ፣ እርሳስ መክተት፣ በዘንግ መጠቅጠቅ፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥል ቆብ ማስቀመጥ ይጠይቃል። የእንግሊዙ ስናይደር ከኋላ ይጎርሳል። አንዱ እስኪጎርስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። ገብርዬን ጨምሮ ወደ 700 ሰው ሞተ፣ ከ1,000 በላይ ቆሰለ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ናቸው፣ ከእነሱ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ከአምባው ከተተኮሱት ትልልቅ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። ያ ሁሉ ሕዝብ ስድስት ወር የጎተተው ሴባስቶፖል ምንም አልፈየደም፤ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ።

ከአሮጌ በኋላ ንጉሡ ለናፒየር በላኩት ደብዳቤ የውድቀታቸውን ምክንያት ራሳቸው ተናግረዋል፦ ያገሬን ሰው ግብር ግባ፣ ሥርዓት ያዝ ስለው ጠላኝ፤ እናንተ ግን በሥርዓት በተገዛ ሰው አሸነፋችሁኝ የሚል ነው መንፈሱ። ግብርና ሥርዓት። ከዚያ በፋሲካ ዕለት 1,000 ላምና 500 በግ ላኩ፣ እስረኞቹንም ለቀቁ። ከብቱ ተቀባይነት ሳያገኝ ሲቀር ነገሩ አለቀ። ስጦታ መመለስ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሰኞ ሚያዝያ 6 አምባው ሲሰበር ራሳቸውን ገደሉ።

ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጫነ፤ ደላንታ ላይ ጨረታ ተደርጎ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከጎንደር ተወስዶ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም የተከማቸው መጽሐፍ 350 ያህሉ ለንደን ገባ። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1872 በ18 ዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፤ አጽሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2015 እንደገና እምቢታ ገጠመው። ከንጉሡ ራስ የተቆረጠው ፀጉር ግን በ2011 ተመልሷል።

የቀለቡ ጥያቄ ከሳቸው በኋላ ለሚነግሡት ቀረ። ናፒየር ሲመለስ ለካሳ ምርጫ መድፍና 850 ያህል ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ፤ ካሳም በዚሁ መሣሪያ ሐምሌ 1863 አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን (የቀድሞውን ዋግሹም ጎበዜን) አሸንፈው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ዮሐንስ የቴዎድሮስን መንገድ አልያዙም። መጋቢት 1870 ልቼ ላይ ምኒልክ ንጉሠ ሸዋ ሆነው እንዲገብሩ ተስማሙ፤ ቀጥሎም ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ጎጃም ላይ ነገሡ። ይህ አንድነት የላላ ነው፤ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሸዋንና ጎጃምን በየዓመቱ እንደገና ለመያዝ ጦር መመገብ አላስፈለጋቸውም።

ምኒልክ ደግሞ ነገሩን በሁለት በኩል ፈቱት። ክፉ ቀን ከብቱን ከፈጀ በኋላ፣ በ1880ዎቹ ውስጥ፣ ወታደር በባላገር ቤት መግባቱ ቀርቶ ገበሬው ከምርቱ አሥራት ለመንግሥት እንዲያስገባ ታዘዘ፤ ቴዎድሮስ ፈልገው ያጡት ነገር ነው። በሌላ በኩል በደቡብ በተያዘው አገር ለነፍጠኛው ገባር ተቆጥሮ ተሰጠው፤ አንድ ወታደር እንደ ማዕረጉ ይህን ያህል ቤት እየተባለ፣ ገባሩ እህሉንም ጉልበቱንም፣ ማገዶና ማር ጭምር እንዲያቀርብለት። የሰሜኑ ባላገር ሸክም ቀለለ፤ የደቡቡ ገባር ተሸከመው። ለመንግሥት የሚገባው ግብር በገንዘብ እንዲሆንና የጉልበት ግዴታው እንዲቀር በሕግ የታወጀው ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ ነው፤ በባለርስቱና በጢሰኛው መካከል ያለውን አዋጁ አልነካውም፣ እሱ እስከ 1967 የመሬት አዋጅ ቆየ።